ፎቶሽ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል?

ውድ እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በማድ ቤት ወይም ልብስ በምትተኩሺበት ክፍል ጥግ ተቀምጠሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሰላምታ ብዛት አላደክምሽም። አንድ ጥያቄ ግን አስቀድሜ ልጠይቅሽ። ከአገርሽ ከወጣሽ ወዲህ ስንት ፎቶግራፍ ተነሥተሻል? ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ ስምሽ፣ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ስንት ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በኑዝላ ለብዙ እኅቶች አቅርቤው አፋቸውን ሞልተው የመለሱልኝ በጣም ጥቂት ናቸው። ስልካችን በፎቶ ተሞልቷል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለንም።

በእኛ አገር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፎቶ መነሣት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተበጥሮ ወደ ስቱዲዮ ይሄዳል። አበባ ወይም ሐይቅ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፎቶው ታጥቦ ሲደርስ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበታል። እናቶቻችን ሳጥን ውስጥ ያለውን ፎቶ አውጥተሽ ብታገላብጪው ያንን ጽሑፍ ታገኚዋለሽ። ቀለሙ ደብዝዞ ይሆናል፤ ነገር ግን ማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ነበረ፣ ለማን እንደ ተሰጠ ዛሬም ይናገራል።

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገችኝ አይዳ ሙሉነህ የምትባል ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ ናት። አንድ ዓርብ አብራኝ ክፍል የተከራየች የወሎ ልጅ በስልኳ የአይዳን ሥራዎች አሳየችኝ። ፊታቸው በነጭና በሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቀይና ቢጫ ልብስ የለበሱ፣ ዓይናቸውን በቀጥታ ወደሚያያቸው ሰው ያቀኑ ሴቶች ናቸው። ሁለታችንም ሥራችንን ትተን ብዙ ሰዓት አየናቸው። ከዚያ በኋላ ይህች ሴት ማን ናት ብዬ ታሪኳን ፈለግሁ። ታሪኳን ሳውቅ የእኛም ታሪክ እንደ ሆነ ተረዳሁ።

አይዳ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ነው። በሕፃንነቷ ከአገር ወጣች። ልጅነቷን በየመንና በእንግሊዝ አሳለፈች፤ በቆጵሮስ በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ከእናቷ ጋር በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ሰፈረች። አስቢው እኅቴ፣ ያ ዘመን የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ፎቶግራፎች በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ላይ የሚታዩበት ዘመን ነበር። አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ገብታ «ከየት ነሽ?» ስትባል፣ ጠያቂው በአእምሮው ውስጥ ያለው ሥዕል ያ ብቻ ነበር። ሥዕሉ ውሸት አልነበረም፤ ረሃቡ ደርሷል፤ ሕዝብ አልቋል። ነገር ግን የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ታሪክ በዚያ ብቻ እንዲታወቅ ሆነ።

አይዳ አድጋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ትምህርት ተመረቀች። ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ በሚደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመትም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መሠረተች፤ ወጣቶችንም ካሜራ መያዝ አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ዐውደ ርእይ በተባባሪነት ካዘጋጁት አንዷ ሆነች፤ በዚህ ሥራ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሷ ናት። ሥራዎቿ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክርና በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ወደ አፋር ወርዳ በዳሎል ምድር ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን የሚመለከት ሥራ ሠራች። እኔና አንቺ እንስራ ተሸክመን ስንወጣና ስንወርድ ማን አይቶን ያውቃል? ምናልባት ሊያዝንልን የሚፈልግ መንገደኛ አይቶን ይሆናል። አይዳ ግን እነዚያን ሴቶች ስትሠራቸው እንደ ንግሥት አቁማ ነው። ሸክሙን አልደበቀችውም። ሴቲቱን ግን ከሸክሙ በታች አላደረገቻትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበችው ሥራ ስም «ዓለም ዘጠኝ ናት» የሚል ነው። ይህን አባባል የወሰደችው ከአያቷ ነው። አንቺም ከአያትሽ ሰምተሽው ይሆናል። ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር ሆና አትሞላም፤ ምንጊዜም አንድ ይጎድላታል። እኔ ይህን አባባል ጅዳ ሆኜ ሳስበው፣ ወደ አገር ቤት የምንልከው ፎቶ ትዝ ይለኛል። በፎቶው ውስጥ ዓለም አሥር ናት፤ ሞልታለች።

ይህን ልንነጋገርበት ይገባል። አንቺም ታውቂዋለሽ። ፈቃድ ያገኘን ቀን ወደ ኮርኒሽ እንወጣለን። ከ250 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ በሚወነጨፈው በንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ ፊት እንቆማለን። አንዷ የጓደኛዋን ወርቅ ትዋሳለች፤ አንዷ የመዳሟን አሮጌ ቦርሳ ታንጠለጥላለች። ፈገግ ብለን እንነሣና ፎቶውን እንልካለን። እናት ፎቶውን አይታ «ልጄ ደልቷታል» ትላለች፤ ደስ ይላታል፤ ደስ ማሰኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን አጠገቧ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ታናሽ እኅት ተቀምጣለች። እርሷም ፎቶውን ታያለች። ደላላው ደግሞ በመንደሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ፓስፖርት ላይ ዕድሜዋ ተጨምሮ ትመጣለች፤ ወይም በበረሃ ትነሣለች። ያየችው ፏፏቴውን እንጂ ከፏፏቴው በፊት ያለውን ስድስቱን ቀን አይደለም።

ከፏፏቴው በፊት ያለውን የሚያሳይ ፎቶ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ናሪማን ኤል-ሞፍቲ የተባለች የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶግራፍ አንሺ ከኢትዮጵያውያን ተጓዦች ጋር በጅቡቲና በየመን መንገድ ላይ ነበረች። ይህች ሴት በዚያው ዓመት ስለ የመን ጦርነት ከባልደረቦቿ ጋር በሠራችው ሥራ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። በአሰል ሐይቅ አጠገብ በጨውና በጥቁር ድንጋይ መካከል የሚሄዱትን፣ በኦቦክ ጀልባ የሚጠብቁትን፣ ከባሕሩ ማዶ በየመን ጠረፍ የወረዱትን አነሣች። ፎቶዎቹ ሲታተሙ የብዙዎቹ ስም፣ ዕድሜና የመጡበት አካባቢ አብሮ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች ሊደርሱበት የሚያስቡት እኛ ያለንበትን አገር ነው። ምናልባት በፏፏቴው ፊት የተነሣ የአንድ ዘመዳቸው ፎቶ በስልካቸው ውስጥ ነበረ።

ሌላም ልንገርሽ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያኔ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ ፎቶዎችን ያላየ የለም። አባያ የለበሱ እኅቶች፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የታቀፈ ሕፃን። ፎቶ አንሺው ከሩቅ ያነሣቸዋል፤ ከሥሩ «ተመላሾች» ተብሎ ይጻፋል። ስም ግን የለም። ከመካከላቸው ከእኛ ጋር በአንድ ሳሕን ይበሉ የነበሩ ነበሩ። በጋዜጣው ላይ ፊታቸውን ለይተን «ይህቺ እኮ እገሌ ናት!» የምንል እኛ ብቻ ነበርን።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶ ወጣ። በኮሮና ዘመን በሳዑዲ ዐረቢያ ማቆያ ቤቶች የታሰሩ ኢትዮጵያውያን በስልካቸው ራሳቸው ያነሡትን ፎቶ ለእንግሊዙ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ላኩ። በጂዛንና በመካ አጠገብ ባለው በሹመይሲ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ በሙቀት ልብሳቸውን አውልቀው የተደራረቡ ሰዎች ታዩ። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በዚያው ወር ስለዚሁ ነገር ዘገባ አውጥቶ ነበር። ዓለም ስለ እነርሱ እንዲነጋገር ያደረጉት ራሳቸው እስረኞቹ ናቸው። ካሜራቸው ርካሽ ስልክ ነበር። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ስምምነት ተደርጎ በረራው ተጀመረ። አንድ ፎቶ ብቻውን ይህን አደረገ አልልሽም፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ነገር ግን ማስረጃ ባይኖር ኖሮ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለት እጅግ ይቀል ነበር።

እኅቴ፣ ስደተኛ የስደቱን ታሪክ ራሱ መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጀምሮ ላትቪያ ከምትባል ትንሽ አገር ብዙ ሕዝብ ሸሽቶ በጀርመን የስደተኛ ሰፈሮች ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተበተነ። ከስደተኞቹ መካከል ካሜራ የያዙ ነበሩ። የሰፈሩን ትምህርት ቤት፣ የመዘምራኑን ቡድን፣ ለጉዞ የታሰረውን ሳጥን አነሡ። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። የልጅ ልጆቻቸው ግን አያቶቻቸው እንዴት እንደ ኖሩ በዓይናቸው ማየት ይችላሉ።

በአገራችንም ቢሆን ካሜራን ካስለመዱን መካከል ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች አሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች ከእልቂት የተረፉ ነበሩ። ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከዚሁ ከመካ የተሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠጊያ አግኝተዋል። ስደት ከቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም ሲመላለስ የኖረ ነገር ነው። ትናንት አስጠጊ የነበረ ዛሬ ተጠጊ ይሆናል። እኛ ስለ እነዚያ ሰዎች የምናውቀው ስማቸውና ታሪካቸው ስለ ተጻፈ ነው።

ስማቸው ያልተጻፈውስ? እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 ስኑክ ኸርግሮኘ የተባለ የሆላንድ ምሁር በጅዳና በመካ ነበረ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1889 የመካን ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አሳተመ። ብዙዎቹን ያነሣው ዐብዱል ገፋር የተባለ የመካ ሐኪም ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ አንድ ነጋዴ ከባሪያው ጋር ቆሞ ያሳያል። ከሥሩ የተጻፈው «ነጋዴና ሰርካሲያዊ ባሪያው» የሚል ብቻ ነው። ባሪያው ስም የለውም። በዚያ ዘመን ከእኛ አገር ተሽጠው በጅዳ ወደብ የወረዱ፣ በመካና በጅዳ ቤቶች ያገለገሉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ባርነት በሳዑዲ ዐረቢያ በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እነዚያ ሴቶች እኛ በምናጸዳቸው ከተሞች ውስጥ አርጅተው ሞተዋል። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም የሚያውቅ ሰው አልቀረም። እኛ ባሪያዎች አይደለንም፤ ደመወዝተኞች ነን፤ ውል አለን። ነገር ግን ስም የማጣት አደጋ ዛሬም በደጃችን ነው። እንዴት እንደ ሆነ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙዎቻችን በፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም እናታችን የምትጠራን ስም አይደለም። ደላላው ለቪዛው ይመቻል ብሎ ያጻፈው ስም ነው። አንዲት የደሴ ልጅ ጅዳ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በየሳምንቱ ትደውል የነበረችው በድንገት ጠፋች። ወንድሟ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ጠበቀ። በኋላም በሰው በሰው ወደ ኑዝላ መልእክት ላከ። የላከው ስም አገር ቤት የምትጠራበትን ነበር። እኛ ለእኅቶች ሁሉ አዳረስን፤ እንዲህ የምትባል ልጅ የሚያውቅ ጠፋ። ለካ ጅዳ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም!

ከዚያ ወንድሟ አንድ ፎቶ ላከልን። ልጅቷ ወደ አገር ከሚመለስ ሰው ጋር ለእናቷ የላከችው የታጠበ ፎቶ ነው። ፊቱንም ጀርባውንም አንሥቶ ላከው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለእናቴ ለማስታወሻ» ብላ፣ የእናቷ ቤት ስሟን፣ ከሥሩ በፓስፖርት የምትጠራበትን ስም፣ ቀኑን፣ የሰፈሩን ስም፣ በአጠገቡ ያለውን ትልቅ ሱቅ ጭምር ጽፋለች። በዚያ ተመርተን ሁለት እኅቶች ወደ ሰፈሩ ሄዱ። ከጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ፊቷን አይታ ለየቻት፤ በጠና ታማ ሆስፒታል መግባቷን ነገረቻቸው። በፓስፖርቷ ስም ጠይቀው አገኟት። መናገር የማትችል ሆና ለወራት ተኝታለች። ስልኳ ጠፍቷል። ከአልጋዋ ራስጌ የተጻፈው እናቷ ሰምታው የማታውቀው ስም ነው። በሕይወት ነበረች! ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ወደ አገሯ ተሸኘች፤ ዛሬ እናቷ ቤት ናት።

ያ ጽሑፍ ባይኖርስ ኖሮ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊዜ አለ። ያቺን ልጅ ያገኘናት በአራት መስመር የእስክሪብቶ ጽሑፍ ነው።

ስለ ኑዝላም ጥቂት ልበልሽ፤ ምክንያቱም ሰፈርም እንደ ሰው ይጠፋል። ኑዝላ የጅዳ የቆየ ሰፈር ናት። የምሥራቅ ኑዝላ አለች፤ የየመኖች ኑዝላም ነበረች። ቃሉ በዐረብኛ ወርዶ ማረፍን፣ በእንግድነት መስፈርን ከሚያመለክት ግሥ ጋር ዝምድና አለው። ስሟ የሚገባት ሰፈር ናት። የመኑም፣ ሱዳኑም፣ ሀበሻውም ሰፍሮባታል። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ነበሩን። ከተሠራበት ቤት ወጥታ መሄጃ ያጣች ልጅ በሩን ስታንኳኳ «ግቢ» የሚላት ነበረ። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነን ኖረናል። ለቅሶም ደስታም በዚያች ክፍል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የጅዳ አስተዳደር ያለ ፕላን ተሠሩ ያላቸውን ከ60 የሚበልጡ ሰፈሮች ዘርዝሮ ማፍረስ ጀመረ። የየመኖች ኑዝላ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። የከንደራ ሰፈርም ነበረች፤ ያቺ ድልድይዋ ሥር ተርሂል የሚጠብቁ ስደተኞች ያድሩባት የነበረችው። በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ኢኽላእ» ተብሎ ተጻፈ፤ ልቀቁ ማለት ነው። እኛም ዕቃችንን በማዳበሪያ ጠቅልለን ወጣን። ለመውጣት ስንዘጋጅ ያቺ የወሎ ልጅ ስልኳን አውጥታ አንድ በአንድ አነሣች። ደረጃውን፣ ቀዩን ጽሑፍ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የተቀመጠበትን ጥግ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፍነውን የስልክ ቁጥርና የልጆቻችንን የልደት ቀን። ቀጥላም ሁላችንን በበሩ ፊት አሰልፋ አነሣችን። ማንም ልብስ አልቀየረም። የተዋሰች ወርቅ የለበሰችም የለችም። ያ ፎቶ ታጥቦ አሁን እኔ ዘንድ አለ። ከሥሩ የስድስታችን ስም፣ የየትውልድ አገራችንና ቀኑ ተጽፏል። ያ ሕንጻ ዛሬ የለም። ከስድስታችን ሁለቱ አገራቸው ገብተዋል፣ አንዷ ቤይሩት ናት፣ ሦስታችን እዚሁ ነን። ልጆቻችን አንድ ቀን «እናቴ የት ነበረች?» ብለው ቢጠይቁ የምናሳያቸው ይህን ነው።

እንግዲህ እኅቴ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እናድርግ? እኔ የማደርገውንና ለእኅቶቼ የምመክረውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የፓስፖርትሽን የፎቶ ገጽ፣ ቪዛውን፣ ኢቃማሽንና የሥራ ውልሽን በስልክሽ አንሥተሽ አገር ቤት ለምታምኚው አንድ ሰው ላኪ። በስልክሽ ብቻ አታስቀምጪው። ስልክ ይወድቃል፣ ይወሰዳል፣ ይሰበራል። የተቀባዩ ሰው በወረቀት አሳትሞ ያስቀምጠው።

ሁለተኛ፣ ለቤተሰብሽ ሁለቱንም ስሞችሽን አሳውቂ። እናትሽ በፓስፖርትሽ ያለውን ስም በቃሏ ካልያዘች በወረቀት ይጻፍላት። በሩቅ አገር ሰው የሚፈለገው በዚያ ስም ነው።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜ ፊትሽ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ላኪ። ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ የከተማውንና የሰፈሩን ስም፣ በአቅራቢያ ያለውን ሱቅ ወይም መስጊድ ጻፊ። ደመወዝ የተቀበልሽበትን ወርና መጠንም በትንሽ ደብተር መዝግበሽ ገጹን አንሥተሽ አስቀምጪ።

አራተኛ፣ ልብ በይ፤ ካሜራ ያስጠይቃል። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ መሠረት በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት የደፈረ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ የመዳምሽን፣ የልጆቿን፣ የቤቱን ውስጥ ፎቶ ያለ ፈቃድ አታንሺ፤ ልጁን ብትወጂውም እንኳ አንሥተሽ ለሰው አትላኪ። ያንቺን ፎቶ ስትነሺም ከኋላሽ ማን እንዳለ እዪ። የእኅቶችሽንም ፊት ሳትጠይቂ አትልቀቂ። ከቤት ወጥታ የምትኖር ልጅ ባንቺ ፎቶ ምክንያት ልትያዝ ትችላለች። «ላንሣሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክብር ነው፤ እኛም እንዲጠይቁን እንወዳለንና።

አምስተኛ፣ አንዳንዱን ፎቶ አሳትሚ። ወደ አገር ከሚሄድ ሰው ጋር ላኪው። ጀርባው ላይ እንደ እናቶቻችን «ለማስታወሻ» ብለሽ ጻፊ። ጽሕፈት የማትችል እኅት ካለች አንቺ ጻፊላት።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከፏፏቴው ፎቶ ጋር የሥራ ልብስሽን የለበስሽበትን አንድ ፎቶ ጨምረሽ ላኪ። በክሎሪን የተላጠ እጅሽን፣ የምትተኚበትን ጠባብ ክፍል። ይህ ለእናትሽ ላይሆን ይችላል፤ እናት ታለቅሳለችና አንቺ ታውቂያለሽ። ለታናሽ እኅትሽ ግን ይድረሳት። አትምጪ ለማለት ብቻ አይደለም። ስትመጣ አውቃ እንድትመጣ፣ ባትመጣም የላክሽው ብር ከየት እንደ ወጣ አውቃ እንድታከብረው ነው። ፏፏቴውንም አትተዪው። በሳምንት አንድ ቀን ደስ ብሎሽ መቆምሽም እውነት ነው፤ ያንን ማንም ሊነፍግሽ አይገባም። አንዱ ብቻውን ሲሄድ ነው የሚጎድለው።

አይዳ ሙሉነህ ካሜራዋን ይዛ ስትነሣ የሌሎች ሰዎች ፎቶ ስለ እኛ የተወውን ነገር ልታሳይ ነው። አንቺ ዐውደ ርእይ ላትከፍቺ ትችያለሽ። ነገር ግን በእጅሽ ስልክ አለ፤ የምትጽፊበት እስክሪብቶም አይጠፋም። ጅዳም ሆንሽ መካ፣ ቤይሩትም ሆንሽ ኩዌት፣ እዚህ የነበርሽ አንቺ ነሽ፤ የነበርሽበትን ቀንና ስምሽን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ ከስልክሽ አንድ ፎቶ ምረጪና ለቤትሽ ሰዎች ስምሽን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈሽ ላኪላቸው።

ቸር ያሰንብተን።